ከፍታው ወይስ ጉዞው?

ጅማ ሄርማታ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ክርክራችን ኳስ ብቻ አይደለም። ሮለር ኮስተርም አለ፤ ያ በመዝናኛ ፓርክ ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው ባቡር። አንዳችንም ተሳፍረን አናውቅም፤ በስልክ ቪዲዮ ግን ሊቅ ነን።

ከፍታ ነው ወሳኙ የሚሉት ኪንግዳ ካን ይጠራሉ። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ነበር፤ በ2005 ተከፈተ፤ 139 ሜትር። በ3.5 ሰከንድ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ጉዞው ግን 28 ሰከንድ ገደማ ነበር፤ ስኒው እንኳ አይቀዘቅዝም። አንዳንዴ ጫፉን ሳያልፍ ወደኋላ ይንሸራተት ነበር። በ2025 በፈንጂ አፈረሱት።

ሌላው ወገን የኦሃዮውን ስቲል ቬንጀንስ ይዟል። ቁመቱ 62 ሜትር ገደማ፣ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል ይጓዛል፤ አራት ጊዜ ይገለብጣል። ከወንበር ብድግ የሚያደርግባቸው ቅጽበቶች ሲደመሩ ወደ 27 ሰከንድ ናቸው። የኪንግዳ ካ ጉዞ በሙሉ ማለት ነው!

እኔ የጊቤን ቁልቁለት አስባለሁ። ሆዴ ባር ባር የሚለው ገደሉን ሳይ አይደለም፤ ሾፌሩ ኩርባው ላይ ድንገት ሲጠመዝዝ ነው።

አንዴ ወጥቶ ፎቶ ለሚለጥፍ፣ ከፍታው። ወርዶ እንደገና ለሚሰለፍ፣ ጉዞው። ቁመት ለሚያስፈራው ደግሞ ቡናው አለ።