ገጹ የማይገነጠል ደብተር፦ ከአንድ ዓመት ሳምንታዊ የሥዕል ማስታወሻ በኋላ

በየሳምንቱ አንድ ገጽ እየሣልሁ በአንድ ዓመት የጨረስሁት ደብተር ከፊቴ ተቀምጧል። በስፌት የተጠረዘ፣ መጠኑ ኤ5 ማለትም 148 በ210 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ደብተር ነው። በዚሁ አሠራር ደብተር የሚያወጡ አምራቾች ብዙ ስለሆኑና የምጽፈውም ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ አንድ የንግድ ምልክት ስላልሆነ ስሙን አልጠራም። ሰባት ጥራዝ፣ በእያንዳንዱ ጥራዝ አራት ቅጠል፣ በጠቅላላው 28 ቅጠል ወይም 56 ገጽ አለው። ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ አራት ገጽ ይተርፋል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ለቀለም መሞከሪያ አደረግሁት፣ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ደግሞ ለተበላሸብኝ ሳምንት መጠባበቂያ ተውኋቸው። ደብተሩን የመረጥሁት በዋናነት በዚህ ሒሳብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በፊት የጀመርኋቸው ሦስት ወፍራም ደብተሮች ዛሬም ከግማሻቸው በላይ ባዶ ናቸው፤ መጨረሻው የሚታይ ደብተር ግን ሰነፍንም ይጎትታል።

ወረቀቱ የተመሰገነ ነው። ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራና ውሃ ቶሎ እንዳይመጥ በጄላቲን የታከመ በመሆኑ የቀባሁት ቀለም ለጥቂት ደቂቃዎች እርጥብ ሆኖ ይቆይልኛል፤ ይህም ሰማይን ከላይ አጥቁሮ ወደ ታች እያሳሱ ለማውረድ ይበቃል። ፊቱ ሸካራ ስለሆነ እንደ አልትራማሪን ሰማያዊ ያሉ ቀለሞች በጎድጓዶቹ ውስጥ እየተኙ ሲደርቁ፣ በለስላሳ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ጎልቶ የማይታይ ነጠብጣብ መልክ ይሰጣሉ። ይኸው ሸካራነት በሌላ በኩል ቀጭን ብዕርን ያደናቅፋል፤ ከሥዕሉ ጎን ሁለት ሦስት መስመር መጻፍ የሚወድ ሰው፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፉ ከወትሮው የከፋ ሆኖ ይታየዋል። በላጲስ አጠቃቀምም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንድን ቦታ ደጋግሞ ማሸት ውሃ የሚከላከለውን ስስ ሽፋን ስለሚልጠው፣ በኋላ ቀለም ሲቀባበት ያ ቦታ ብቻ ጠቁሮ ይወጣል።

በገጾቹ ላይ የደረሰው ትልቁ ጉዳት ግን የደብተሩ ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው። ፊት ለፊት በሚገናኙት በ13ኛውና በ14ኛው ሳምንት ገጾች ላይ አክሪሊክ ቀለም ወፈር አድርጌ ቀባሁና፣ ደርቋል ብዬ ደብተሩን ዘግቼ ከመጻሕፍት ክምር ሥር አስቀመጥሁት። አክሪሊክ በባሕርዩ ፕላስቲክ ነው፤ ከደረቀ በኋላም ሙቀትና ጫና ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ከቢጤው ጋር ሲገናኝም ይጣበቃል። ደብተሩን ስከፍተው የ13ኛው ሳምንት ሰማይ ግማሹ ወደ 14ኛው ሳምንት ግድግዳ ተሻግሮ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በአክሪሊክ ገጾች መካከል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ጣልቃ አስገባለሁ፤ ችግሩም አልተደገመም።

ብዙ የምለው ስለ ስፌቱ ነው። ጥምዝ ሽቦ ካለው ደብተር ያልወደዱትን ገጽ መገንጠል ቀላል ነው፤ በስፌት ከተጠረዘ ደብተር ግን አንዱን ቅጠል የቀደደ ሰው ከማዶ በአንድ ወረቀት የተያያዘውን ቅጠልም ያላላዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። አንድ ሥዕል ለማሳየት መላውን ደብተር ማስረከብ ግድ ይላል፤ ደብተሩን የተቀበለ ሰው ደግሞ የተከፈተለትን ገጽ ብቻ ዐይቶ አይመልስም፣ ጣቱ ሳያስበው ወደ ኋላ ይገልጣል። በየሳምንቱ የሚሣል ማስታወሻ ደግሞ ሁሉም ገጹ ለሰው ዐይን የተሰናዳ አይደለም፤ ስድስት ጣት ያለው የሚመስል እጅም፣ ሰው እንዳያየው የሚፈለግ ገመናም አለበት።

በ20ኛው ሳምንት ታናሽ እህቴ «እስቲ ልየው» አለችኝ። ያሰብሁት በጥንቃቄ የሠራሁትን የ19ኛውን ሳምንት የመስኮት ሥዕል ላሳያት ነበር። እሱን «ቆንጆ ነው» ብላ አለፈችውና ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። ልቀማት እጄን ስዘረጋ 9ኛው ሳምንት ላይ ደርሳ ቆመች። ገጹ ላይ የነበረችው በእርሳስ ብቻ፣ በችኮላ የተሣለች፣ አንድ እግሯ ያጠረ የፕላስቲክ ወንበር ናት፤ አባታችን ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት ከአልጋው አጠገብ ተራ በተራ ያደርንባት። «ይቺ እኮ የኛ ወንበር ናት» አለችና ዝም አለች። ቆይታ የወንበሯን እግር በጣቷ እየነካች፣ እንዳትነቃነቅ ከሥሯ አጣጥፋ ትወሽቀው የነበረውን ካርቶን ለምን እንዳልሣልሁት ጠየቀችኝ። እርሳሱን ሰጠኋት፤ ካርቶኑን ራሷ ሣለችው።

ያ ገጽ የሚገነጠል ቢሆን ኖሮ ገና በ10ኛው ሳምንት ከቅርጫት ውስጥ ይገኝ ነበር። ደብተሩን ለሌሎች ሰዎች ማሳየት የጀመርሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ ሁሉንም ገልጦ ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ ለማንም ላሳያቸው የማልፈልጋቸውን ገጾች ሰፊ በሆነ የወረቀት ማያያዣ አንድ ላይ እይዛቸዋለሁ። ማያያዣውን ያየ ሰው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

በፎቶ ማካፈል ለሚመርጥ ሰውም ስፌቱ ይጠቅማል። ደብተሩ ሲከፈት ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚተኛ በሁለቱ ገጾች መካከል የሚያርፈው ጥላ ትንሽ ነው። ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጎ ማንሣት ከማናቸውም መብራት ይሻላል። የስልክ ካሜራ ነጭ ገጽ ሲበዛበት ምስሉን ስለሚያጠቁረው ብርሃኑን ጥቂት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ወረቀቱ አመድ መስሎ ይወጣል። ሳሳ ያለ የእርሳስ መስመር በፎቶ አይታይም፤ የ9ኛውን ሳምንት ወንበር ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ ገጽ መስላለች። በፎቶ ማካፈል ከእጅ ወደ እጅ ከመስጠት ያነሰ ድፍረት ይጠይቃል ባይ ነኝ፤ ፎቶው ወደ ኋላ አይገለጥምና።

የቀረው ጥቂት ነው። ወረቀቱ ብቻ 260 ግራም ያህል ስለሚመዝን በቦርሳ ውስጥ መኖሩ ይታወቃል። የጨርቅ ሽፋኑ ቀለም ከነካው አይለቅም። የላስቲክ ማሰሪያው በስምንተኛው ወር ረገበ፤ ከጀርባው ያለችውን ኪስ አንድም ቀን አልተጠቀምሁባትም። በእርሳስና በብዕር ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህን ያህል ወፍራም ወረቀት ብክነት ስለሆነ በካሬ ሜትር 160 ግራም የሆነው ይበቃዋል። ሥዕሎቹን እየለየ በፍሬም ለመስቀል ወይም ለመስጠት የሚያስብም ሽቦ ያለውን ይግዛ።

እኔ ሁለተኛውን ዓመት የጀመርሁት በዚሁ ዓይነት ደብተር ነው። አሁን 31ኛው ሳምንት ላይ ነኝ፤ ማያያዣው የያዘው ሁለት ገጽ ብቻ ነው።