የአባቴን ቮልስ ላስተካከለልኝ የባሕር ዳር ልጅ

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። አንድ ልጅ ላመሰግን ነው። አሮጌ መኪና የምትወዱ በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የአባቴ ቮልስ አለችኝ። ሥራ የምሄድባት አይደለችም፤ እሑድ እሑድ ጣና ዳር ዞር ዞር የምልባት ናት። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ካርቡሬተሯን አውልቆ በኮምፒውተር እየታዘዘ ቤንዚን የሚረጭ ኢንጄክተር ገጠመላት። በላፕቶፕ እየተከፈተ የቤንዚኑ መጠን ቁጥር የሚቀያየር ዓይነት ነው። ሳያስተካክለው ፈቃዱ አለቀና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በግድ ትነሳለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚኑን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ይባስ ብላ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቀጥ ብላ ቆመችብኝ።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። እግዜር ይያቸው። አንዱ ጋ የቤንዚን ፓምፕ ቀይሪ ተባልኩ፤ ቀየርኩ። ካንዴላ ተባልኩ፤ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች! ሌላው ላፕቶፑን እንኳ ሳይከፍት «ይሄን ኮተት ነቅለሽ ካርቡሬተሩን መልሺ» አለኝ። አንዱማ ፊቴንም ሳያይ «ባለቤትሽን ላኪው፣ ከእሱ ጋር እንነጋገራለን» አለ። ባል የለኝም። ቢኖረኝስ? መኪናዋ የእኔ ናት!

ይሄን ልጅ የጠቆመኝ ድልድዩ ላይ የገፋልኝ ባለባጃጅ ነው። ልጁ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ቁጭ ብሎ አስወራኝ። መቼ መቼ ነው የምታስቸግርሽ? ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? ዳገት ላይስ? ከዚያ ብዙ አስረዳኝ፣ አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ የተጫነባት ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ ላለ አገር የተሠራ ነበር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑም መቀነስ ነበረበት፤ የቀነሰለት የለም።

ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ቤዛዊት ዳገት አስነዳኝ። «እንደ ወትሮሽ ንጂ» ይላል። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ቁጥር እያየ ይነካካል። ስንመለስ ጭሱ የለም።

ማታ ሒሳብ ልክፈል ስል እምቢ አለ። «እህቴ፣ ገና አልጨረስኩም። ነገ ጠዋት እንዳታስነሺያት። ቀዝቅዛ ያደረች ሞተር ነው የምፈልገው።» ለወጉ ያለው መስሎኝ ነበር። 12 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ከዓባይ ማዶ በብስክሌት መጥቷል! መጀመሪያ ሞተሯን በእጁ ዳሰሰና ፈገግ አለ። አስነሳት፤ ጠፋች። ነካክቶ ደገመ፤ ጠፋች። እንደገና ሲሞክር ያዘች። እናቴ ነጠላዋን እንደተከናነበች ወጥታ «ይሄ የአባትሽ መኪና ድምፅ ነው» አለችና ቡና ልታፈላ ገባች። ልጁ ግን ቅዝቃዜ በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው ብሎ በማግስቱም ተመለሰ። ለዚያ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀም። ሲጨርስም ያስተካከለውን ቁጥር ሁሉ በፍላሽ ሰጠኝ፤ «እኔ ባልኖር ሌላ ባለሙያ ይክፈተው» ብሎ።

እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን አለ! እባካችሁ ሥራ ስጡት። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስላስጠነቀቀኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ቀጠሮ ከያዘላችሁ ግን ሳይመጣ ሞተር እንዳታስነሱ፤ ሞቆ ካገኘው ወደ ቤቱ ይመለሳል።