የራሰ የጀልባ ወለል፦ መርፌ ወይስ መጋዝ?

እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት የፋይበርግላስ ጀልባዎች የብዙዎቹ የላይ ወለል እንደ ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ የባልሳ እንጨት። ውሃ የሚሰርገው የገመድ ማሰሪያዎቹን በያዙት ብሎኖች ቀዳዳ በኩል ነው። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የራሰው ድፍን ይላል።

ቀላሉ መንገድ መርፌ ነው፦ ወለሉን በየጥቂት ሳንቲሜትሩ በስቶ፣ አድርቆ፣ ኤፖክሲ የሚባለውን ተቀላቅሎ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ መውጋት። የወለሉ መልክ ብዙም አይነካም። ችግሩ ያለው «አድርቆ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ባልሳ የጠጣውን ውሃ በቀላሉ አይለቅም፤ ኤፖክሲ ደግሞ እርጥብ እንጨትን በወጉ አይዝም። ክፍተት ይሞላል እንጂ የበሰበሰውን አያድንም። መሰርሰሪያው ቡናማ ጭቃ ይዞ ከወጣማ ለመርፌ ረፍዷል።

መጋዙ አድካሚ ነው። የላይኛውን የፋይበርግላስ ንጣፍ ቆርጦ ማንሳት፣ የቡና አተላ የመሰለውን እንጨት በመሮ መጥረግ፣ አዲስ ባልሳ ወይም የማይበሰብስ ፎም በኤፖክሲ መለጠፍ፣ ከዚያ ንጣፉን መልሶ መጋጠሚያውን በፋይበርግላስ ጨርቅ መዝጋት። መጋጠሚያው ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ ጠርዙ የንጣፉን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ስፋት ባለው ተዳፋት መሞረድ አለበት፤ 3 ሚሊሜትር ለሆነው 36 ሚሊሜትር ማለት ነው። አቧራውስ! ያለ ጭንብል የሚሞክረው ሳንባውን የጠላ ሰው ነው።

እኔ መርፌን የምፈቅደው ከመዳፍ ለማይበልጥ፣ እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ንጣፉ ብቻ ለተላቀቀ ቦታ ነው። በሁለቱም መንገድ ግን የብሎኖቹን ቀዳዳ አስፍቶ በኤፖክሲ መሙላትና ሲደርቅ እንደገና መብሳት አይቀርም።