ክሪከት ወይስ ካሜዮ? ባሕር ዳር ላይ ለወረቀት ሥራ የሚሆነው መቁረጫ ማሽን

ለሰርግ ጥሪ ካርድ፣ ለስጦታ ሣጥን፣ ለኬክ ቶፐር (ኬክ ላይ ለሚሰካ ጌጥ) እና ለአዳራሽ ማስጌጫ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ የወረቀት መቁረጫ ልትገዙ ካሰባችሁ ብይናችንን ከፊት እናስቀምጠው። ባሕር ዳር ሆኖ ለሚሠራ ሰው ቀዳሚ ምርጫችን ሲሉዌት ካሜዮ ነው፤ 4ም ሆነ 5። አስተማማኝ ኢንተርኔት ላለውና ኮምፒውተር ላይ ብዙ መልፋት ለማይፈልግ ክሪከት ኤክስፕሎር 3 ይሻለዋል። ክሪከት ሜከር 3 ድንቅ ማሽን ነው፤ ወረቀት ብቻ ለሚቆርጥ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ብዙ ሰው ማሽን የሚመርጠው በጉልበቱ ነው። ኤክስፕሎር ምላጩን የሚጫነው በ400 ግራም ገደማ ኃይል ነው። ሜከር እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል፤ የካሜዮ 4 ሁለተኛው መያዣ (ምላጩ የሚሰካበት) ደግሞ እስከ 5 ኪሎ። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚያስፈልገው ለጨርቅ፣ ለቆዳ፣ ለስስ እንጨትና 2 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ ደረቅ ካርቶን ነው። የጥሪ ካርድ የሚሠራበት ወረቀት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝን ነው፤ ይህን ኤክስፕሎር ያለ ችግር ይቆርጠዋል፤ እስከ 270 ግራም ድረስም ይሄዳል። ወረቀት ሲቀደድ ወይም ሳይበጠስ ሲቀር ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምላጩ፣ የማቱ (ወረቀቱ የሚለጠፍበት ተጣባቂ ሰሌዳ) ወይም የወረቀቱ እንጂ የጉልበት ማነስ አይደለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ክሪከት የሚታዘዘው በዲዛይን ስፔስ ነው። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ግን አካውንት ከፍቶ በኢንተርኔት መግባት ግድ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አስቀድማችሁ ለኦፍላይን ያስቀመጣችሁት ሥራ ኔትወርክ ቢጠፋም ይቆረጣል፤ ላይብረሪው ውስጥ ምስልና ፎንት መፈለግ ግን ያኔ አይታሰብም። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ የስሙን ፊደል ቀይሩልኝ እያለ ኔትወርክ ሲሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲሉዌት ስቱዲዮ በአንጻሩ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፋይሉም የሚቀመጠው እናንተው ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ ነው። ጉድለቱ ነጻው ቤዚክ እትም ኤስቪጂ የተባለውን የቅርጽ ፋይል ዓይነት አለመክፈቱ ነው፤ ለዚያ ዲዛይነር እትም የሚባለውን መግዛት ያስፈልጋል። ዲኤክስኤፍና ፒኤንጂ የተባሉት የፋይል ዓይነቶች ግን በነጻው ይከፈታሉ።

ኮምፒውተር ለሌለው ብራዘር ስካንኤንካት አለ። የራሱ ስክሪንና ስካነር ስላለው በእጅ የተሳለውን አንብቦ ይቆርጣል፤ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ክሪከት ጆይ ለንግድ ሥራ ጠባብ ነው። ስቲከር ቤቶች ያለው ከተር ፕሎተር ለጥቅል ስቲከር የተሠራ ነው። ማት ካልተቀበለ በቀር ነጠላ ወረቀት ሮለሩ ሥር ይንሸራተትበታል፤ የተቆረጡት ትንንሽ ቁርጥራጮችም ተነሥተው መንገድ ይዘጋሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ መቁረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በውጭ አገር ቪዲዮዎች የምታዩት ለዚህ አይበቃም። የላቲን እጅ ጽሑፍ ፊደሎቹ ተያይዘው ስለሚሄዱ ስም አንድ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። የእኛ ፊደል ለየብቻው ይቆማል። ስለዚህ ለኬክ ቶፐር «ቤተልሔም» ብላችሁ ጽፋችሁ ብትቆርጡ በእጃችሁ የሚቀረው የተበታተነ ፊደል ነው። መፍትሔው ከፊደሎቹ እግር ሥር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወፍራም የሆነ አግዳሚ አስገብቶ፣ እግሮቹ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር እንዲደርብ አድርጎ ማዋሐድ ነው። በሁለቱም ፕሮግራሞች ትእዛዙ ዌልድ ይባላል። እንደ ላ፣ ባ፣ ሳ ያሉት ራብዕ ፊደላት አግዳሚውን የሚነኩት በአንድ እግር ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ መደረቡን አጉልታችሁ አረጋግጡ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው ያ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የፊደሎቹ ቀዳዳ ነው። ወ፣ መ፣ ቀ፣ ዐ የተዘጋ ሆድ አላቸው፤ እንደ ቤ፣ ሴ፣ ሔ ያሉት ኃምስ ፊደላትም እግራቸው ሥር ትንሽ ቀለበት አለች። ፊደሉ ራሱ ከወረቀት ሲቆረጥ ቀለበቷ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነች ምላጩ ዞሮ አይጨርሳትም፤ ወረቀቱን ይበጣጥሰዋል። ተቃራኒውን፣ ማለትም ፊደሉ ክፍት የሚሆንበትን ስቴንስል ስትሠሩ ደግሞ የሆዱ ውስጥ ቁራጭ ይወድቃል። ስለዚህ ለስቴንስል እያንዳንዱን ሆድ ከውጭው ጋር የሚያያይዝ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ድልድይ ሳሉለት። ለካርድ የፊደሉን ቁመት ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አታሳንሱ። ፎንት ስትመርጡ ኒያላ ለንባብ ያማረ ቢሆንም ቀጫጭን መስመሮቹ ለምላጭ አይመቹም፤ በነጻ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ጥርት ብሎ ይቆረጣል።

ፎንቱን ኮምፒውተሩ ላይ ከጫናችሁት ሲሉዌት ስቱዲዮ ውስጥ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ለክሪከት አስተማማኙ መንገድ በነጻው ኢንክስኬፕ ጽፎ፣ ኦብጀክት ቱ ፓዝ በሚለው ወደ ቅርጽ ቀይሮ፣ አግዳሚውን በዩኒየን አዋሕዶ፣ ፕሌን ኤስቪጂ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ወደ ቅርጽ ያልተቀየረ ጽሑፍ ዲዛይን ስፔስ አይቀበልም። ፋይሉ ከገባ በኋላ መጠኑን በሳንቲ ሜትር ሳታዩ አትቁረጡ፤ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዛወር መጠን ሊቀየር ይችላል።

የብራና መጻሕፍት ሐረግና የመስቀል ጉንጉን ለጥሪ ካርድ በጣም ይፈለጋል፤ ለማሽንም ከባዱ ፈተና ነው። ሰበዙ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይቀጥን፣ ፍጥነቱም ዝቅ እንዲል አድርጉ፤ ምላጩ አዲስ ይሁን። ወረቀቱ ከ160 እስከ 220 ግራም ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ሲወፍር ምላጩ ማዕዘን ላይ ሲዞር ጥጉን ያነሣዋል። ለቱሪስት የሚሸጥ የታንኳ ካርድ ከሆነ ደግሞ የደንገሉን ዘንግ መስመር በምላጭ ለማውጣት አትድከሙ። የማሽኑን እስክሪብቶ ተጠቅማችሁ መስመሩን ሳሉት፣ ዙሪያውን ብቻ ቁረጡት። ሥራው ንጹሕ ይሆናል፤ ካርዱም አይልፈሰፈስም።

ሙሉውን ከመቁረጣችሁ በፊት ከወረቀቱ ጥግ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ ውስጡ ትንሽ ክብ ያለበት፣ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ማቱን ሳታወጡ በወረንጦ አንሡት። ክቡ ሳይጎተት ከወጣና ማቱ ላይ የምላጭ ጭረት በጭንቅ ከታየ ልኩ ደርሷል። ጭረቱ ከጠለቀ ግፊቱን ቀንሱ፤ ያለበለዚያ ማቱም ምላጩም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ካሜዮ ላይ የአውቶብሌዱ (ጥልቀቱን ማሽኑ ራሱ የሚያስተካክለው ምላጭ) ቁጥር በ1 ሲጨምር ምላጩ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ። ክሪከት ላይ የወረቀቱን ዓይነት በትክክል ምረጡ፤ 176 ግራሙ ላይት ካርድስቶክ፣ 216 ግራሙ ሚዲየም ካርድስቶክ በሚለው ሥር ነው። ያልበጠሰ ቦታ ካለ ማቱን ሳታስወጡ መቁረጫውን ድገሙት፤ አንዴ ካስወጣችሁት ያው ቦታ አይመለስም።

የወረቀት ምላጭና የስቲከር ምላጭ አታቀላቅሉ። ወረቀት ስለት ያደንዛል፤ የደነዘው ስቲከር ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ወደ ወረቀት ሲመለስ ግን ጠርዙን ጸጉራም ያደርገዋል። ምላጩ ጫፍ ላይ ብናኝ ሲጠራቀም የአልሙኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ ውጉት፤ ይጸዳል፤ የደነዘውን ግን አያስለውም።

ማት ላይ ስስት አያዋጣም። ከክሪከት ማቶች ለ80 ግራም ወረቀት ሰማያዊው፣ ለካርድ አረንጓዴው ነው። ሐምራዊው ለወረቀት ከልክ በላይ ይጣበቃል። አዲስ ማትም መጀመሪያ ላይ ስለሚያጥበቀብቅ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርጋችሁ አለዝቡት። ከተቆረጠ በኋላ ወረቀቱን ከማቱ ላይ አትላጡ፤ ይጠቀለላል። ማቱን ገልብጡና ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ሳለ ማቱን ወደ ላይ እየቀለበሳችሁ ላጡት። ክሪከት ለአንድ ማት በአማካይ ከ25 እስከ 40 ሙሉ ቁርጥ ይገምታል፤ ከዚያ በላይ ለማስኬድ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና አጥባችሁ፣ ተጣባቂውን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ በጥላ አድርቁት። ጥር ላይ፣ ሰርግ ሲበዛ፣ ከተማው ደረቅና አቧራማ ስለሚሆን ማት ያለ ፕላስቲክ ሽፋኑ አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩ።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ ዳር አየር እርጥበት ይይዛል፤ ወረቀትም ይጠጣዋል። እርጥብ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ምላጩ ከመብጠስ ይልቅ ይጎትተዋል፤ ማቱም በወጉ አይዘውም። አሳሳቢው የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚቆረጠው በዚሁ ሰሞን መሆኑ ነው። ወረቀቱን በታሸገ ፕላስቲክ፣ ጫማና ቦርሳ ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም ከግድግዳ አስጠግታችሁ አትደርድሩ፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አውጡ። ወረቀቱ መጎተት ሲጀምር የብዙ ሰው እጅ ግፊት መጨመር ላይ ነው የሚሮጠው። ልክ አይደለም፤ መጀመሪያ ምላጩን ቀይሩ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ግፊት የመጨረሻው ነው።

መብራት ቆረጣው መሐል ላይ ከጠፋ ማሽኑ የቆመበትን ይረሳል፤ ከዚያው አይቀጥልም። የክሪከት አዳፕተር የሚያወጣው 18 ቮልትና 3 አምፔር ነው፤ ቢበዛ 54 ዋት መሆኑ ነው። ስለዚህ 650 ቪኤ የሆነ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የጀመረውን ያስጨርሰዋል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ 12 ካርድ በአንድ ፋይል አትላኩ፤ በማት ሁለት ወይም ሦስት እያደረጋችሁ ከፋፍሉት።

ለሣጥን የማጠፊያ መስመር ስትሠሩ ኤክስፕሎር በመያዣ ኤ የማጠፊያ መስመር የሚያሰምረውን ብዕር፣ በመያዣ ቢ ምላጩን ይዞ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል። መስመሩንና ሣጥኑን ዲዛይን ስፔስ ውስጥ አታች በሚለው ትእዛዝ ካላያያዛችኋቸው ግን መስመሩን ወረቀቱ ላይ ሌላ ቦታ ያሰምረዋል። ካሜዮ ላይ ነጠብጣብ ቁርጥ መጠቀም ይቀላል። ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ በቀስታ ለጠጥ አድርጉት። ሳያንገራግር የሚታጠፍበት የቃጫው አቅጣጫ ነው፤ ረጅሙ እጥፋት በዚያ ይዋል፤ ካልሆነ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል።

አትሞ መቁረጥ ላይ (በፕሪንተር የታተመ ምስል ዙሪያውን ሲቆረጥ) የኤክስፕሎር ዓይን በምስሉ ዙሪያ የሚታተመውን ጥቁር የምልክት መስመር የሚያነበው ነጭ ወረቀት ላይ ነው። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ጥቁሩ መስመር ላይ የማያንጸባርቅ ስኮች ለጥፉበት፤ ማሽኑንም መስኮት ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት አታኑሩት።

አሮጌ ማሽን ለምትገዙ፦ በካርትሪጅ (ምስልና ፎንት በያዘ ተሰኪ ዕቃ) የሚሠሩትን የቀድሞዎቹን ክሪከቶች ተዉአቸው። የመጀመሪያው ኤክስፕሎርና ኤክስፕሎር ዋን ብሉቱዝ የላቸውም፤ በኬብል ይሠራሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ በእናንተ አካውንት ሲገባና አንድ ወረቀት ሲቆርጥ እዩ። የክሪከት አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ የመጣውም እዚህ ይሠራል፤ ጠፍጣፋው መሰኪያ ብቻ መቀየሪያ ይፈልጋል። ስካንኤንካትን ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ አትሰኩት። ማሽኑን የሚያመጣላችሁ ሰው ከውጭ ከመጣ ሌላ ጌጣጌጥ ትቶ፣ ለክሪከት ከሆነ፣ ሦስት አረንጓዴ ማት፣ አንድ ሰማያዊ ማትና አምስት ባለ 45 ዲግሪ ምላጭ አብሮ ይያዝ። ማቱ ሻንጣ ውስጥ እንዳይታጠፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከልብሱ ሥር ይተኛ።