ዲሲ ወይስ ዲሲተርምስ? ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት ውስጥ የሚሠሩ ጓደኞቼ ዲጂታል ካታሎግ ሊያሠሩ ሲሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ መስኮቹ በዲሲ ይሰየሙ ወይስ በዲሲተርምስ? ሁለቱም የደብሊን ኮር ናቸው፤ ማለትም ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቀን ለመሳሰሉት የመዝገብ መስኮች የተዘጋጁ ዓለም አቀፍ መደበኛ ስሞች። ሁለቱም በነፃ ናቸው። እኔ ዲሲተርምስ ነው የምለው። ምክንያቴም ብር ነው።

ዲሲ የድሮዎቹ 15 ስሞች ናቸው። «ቀን» ይላል፤ የተጻፈበት ይሁን የታተመበት አይለይም። ዲሲተርምስ «ክሪኤትድ» እና «ኢሹድ» ብሎ ለይቶታል። መጀመሪያ ያልተለየን ቀን ሶፍትዌር ገምቶ አይለየውም። ሰው ተቀጥሮ መዝገቡን አንድ በአንድ ማየት አለበት፤ ሒሳቡ የሚያብጠውም እዚህ ላይ ነው።

የደራሲም ነገር እንዲሁ ነው። በተራ ጽሑፍ ሲገባ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። ዲሲተርምስ ከ2008 ማሻሻያ ወዲህ ደራሲውን የራሱ መለያ ሊሰጠው የሚችል አካል አድርጋችሁ እንድትመዘግቡ ይጠብቃል። ሲጀመር ሥራ ይበዛበታል፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። አንድ ወዳጄ የሚሠራበት ተቋም በርካሽ ካታሎግ አሠራ። ፋይሉ ሲከፈት መስኩ ሁሉ «ዲሲ» ይላል። ግን ይህ ከመስኩ ስም ፊት የሚገባ ቅድመ ቅጥያ አሕጽሮት ብቻ ነው፤ ዋናው ፋይሉ አናት ላይ የታሰረበት፣ ስሙ የማን እንደሆነ የሚናገረው የድር አድራሻ ነው። ሻጩ ከራሱ ድረ ገጽ ጋር አስሮታል! ሌላ ተቋም መረጃውን ሊሰበስብ ሲሞክር አንድም ደራሲ አልተነበበለትም። ለማረሚያ ደግሞ ያው ሻጭ ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ ጠየቀ።

አድራሻው የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ነው። ትክክለኛው የደብሊን ኮር አድራሻ ፐርል ዶት ኦርግ (purl.org) ላይ ያለው ነው፤ በኤችቲቲፒ (http) ይጀምራል። ለደኅንነት ብሎ ኤስ የጨመረበት ወይም የመጨረሻዋን እዝባር (/) የጣለ ሰው ሌላ ስያሜ ፈጠረ ማለት ነው።

ዲስፔስ የተባለውን የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ደግሞ «ዲሲ ነጥብ ኮንትሪቢዩተር ነጥብ ኦተር» የሚለውን አይታችሁ አትደናገጡ። የሶፍትዌሩ የውስጥ አጠራር ነው።

«መረጃ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዲሲን ነው» የሚል ሻጭ ይመጣል። እውነት አለው፤ ኦኤአይ ፒኤምኤች የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ደንብ ቢያንስ ተራውን ዲሲ ግድ ይላል። ነገር ግን ከዲሲተርምስ ወደ ዲሲ ማውረድ የአንድ አጭር ስክሪፕት ሥራ ነው። ወደ ላይ የሚመልስ ስክሪፕት የለም።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት አሥር መዝገብ በኤክስኤምኤል (የመስኮቹ ስም በግልጽ በሚታይበት የፋይል ዓይነት) አስወጡና አናቱን እዩ። «ፐርል ዶት ኦርግ» ካላያችሁ ቼኩን አትፈርሙ።