ለልጄ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ የተመላለስንበት ሦስት ቀን

ልጄ 18 ዓመት ሞላው። የመጀመሪያ መታወቂያውን ሊያወጣ ደሴ ወደሚገኘው ቀበሌያችን አብረን ሄድን። ለአገልግሎቱ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማህደር ፍለጋ ላይ አለቀ። በ2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ቢሮው ተዘርፎ ስለነበር ወረቀቱ ሁሉ ተበታትኗል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ግን አልታከተችም። «አብሽሪ እናቴ፣ እናገኘዋለን» እያለች መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። ከሰዓት በኋላ የቤተሰብ ቅጻችን ተገኘ። ጠርዙ በእርጥበት ወይቧል። የባለቤቴ ስም በሰማያዊ፣ የልጄ ደግሞ ከታች በቀይ እስክሪብቶ ተጨምሯል። ሁለቱ ኮከቦች የእሷ ናቸው። ሦስተኛው ማንም «የሻይ» ብሎ እጁን ስላልዘረጋብን ነው።

ችግሩ ፊርማው ላይ ነው። የሚፈርሙት የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ናቸው ተባልን። በማግስቱም ስብሰባ። ወረፋ የያዙ አንዲት አሮጊት ከሙጋድ በእግራቸው መጥተው እንዲሁ ተመለሱ። ልጄ «እማ፣ ማነው የመረጣቸው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። የቀበሌ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው በ2005 ነው። ያኔ 5 ዓመቱ ነበር፤ ሰልፉ ላይ እጄን ይዞ ቆሟል። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ለውጡ ሲመጣ ተራዘመ። በ2013ም ድምፅ የሰጠነው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ልጄ ግን ከ2005 ወዲህ የቀበሌ ምርጫ አይቶ አያውቅም።

በቅሬያችን፣ ማለትም በዕድራችን፣ እንዲህ አይደለም። አምና ሒሳብ ያላቀረበውን ገንዘብ ያዥ አውርደናል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ተነጋግረን፣ እጅ አውጥተን። ለድንኳንና ለቀብር የሚሰበሰበው ቅሬ ይህን መብት ከሰጠኝ፣ መታወቂያዬንና ቤቴን የሚመዘግበው ቀበሌም እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ገቡ። ፊርማውና ማህተሙ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የምትሄዱ ካላችሁ ጉርድ ፎቶና የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። ከ2:30 በፊት ድረሱ። ማህደራችሁ ጠፋ ከተባላችሁ ተስፋ ሳትቆርጡ መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ ጠይቁ።