ሰሌዳው ላይ «በሴቶች» ብሎ የጻፈ የደብረ ማርቆስ ዲኤስቲቪ ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ በሩ ላይ ስም ስላልተጻፈበት፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ስላለው አንድ ቤት ነው። የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐሥራ አንድ ልጆቼን አስከትዬ እዚያ ቤት ገባሁ። ልጆቹ ዲኤስቲቪ ቤትን የሚያውቁት ከውጭ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የወንድሞቻቸው ጩኸት መንገዱን ሲሞላው። እኔም በዚህ ከተማ ስኖር የአንዱንም ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር።

የሄድነው የአሜሪካ ኮሌጆችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ ለማየት ነው። ጨዋታው እሁድ ዕለት በፍሎሪዳዋ ታምፓ ሲካሄድ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሰው ልጅ ከቤቷ ይዞ መውጣት አይታሰብም። ስለዚህ ቀደም ብዬ ባለቤቱን አነጋገርኳቸው። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ዲኮደርዎ ይቀዳል?»

«ይቀዳል። ምን ልቅዳልሽ፣ መምህርት?»

ነገርኳቸው። አልሳቁም፤ ስንት ሰው ታመጪልኛለሽ ብለውም አልጠየቁኝም። የቡድኖቹን ስም ብቻ አስደገሙኝና በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ጻፉት።

በጨዋታው ማግስት፣ ሰኞ፣ ለ10 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ስንደርስ ጥቁሩ ሰሌዳ እንደ ወትሮው በሩን ተደግፎ ቆሟል። ከላይ፣ ከማታው የሌስተርና የኒውካስል ጨዋታ በፊት፣ በነጭ ጠመኔ «ቅርጫት ኳስ፣ የኮሌጅ ፍጻሜ፣ በሴቶች፣ ኮኔክቲከት ከሳውዝ ካሮላይና፣ 10 ሰዓት» ይላል። «በሴቶች» የሚለው ቃል ከሌሎቹ በልጦም አንሶም አልተጻፈም። ከልጆቼ አንዷ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኔ ስለዚህ ቤት ለመጻፍ የወሰንኩት እዚያው ሰሌዳው ፊት ነው፤ የቀረው ሁሉ በኋላ የተጨመረ ነው።

ወለሉ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ፊት ያሉት ሁለት አግዳሚዎች ለእኛ ተይዘዋል። የቤቱ ደንበኛ የሆኑ ወጣቶች ገብተው እንደ ልማዳቸው ወደ ፊት ሲያመሩ ጋሼ «ዛሬ የፊተኛው የእነሱ ነው» አሏቸው፤ ወጣቶቹም ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ። መግቢያው ለአንድ ሰው 20 ብር ነው። ጾም ስለሆነ ሻይና የገብስ ቆሎ አዘዝን፤ ቆሎው ትኩስ ነበር።

አሁን ስለ ጨዋታው። በዚያ ዓመት ውድድሩ ውስጥ 68 ቡድኖች ገብተዋል፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 38 ጨዋታ አድርጎ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው። ይህኛውን ፍጻሜ ግን ኮኔክቲከት 82 ለ 59 አሸነፈ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ዋንጫው ነው። ልብ የሚሰቅል ጨዋታ ለሚፈልግ ሰው ይህን አልመርጥለትም። ለሚማር ግን ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? የኮኔክቲከቷ ሳራ ስትሮንግ ያኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ 24 ነጥብ አስቆጥራ 15 ተመላሽ ኳስ፣ ማለትም ሳይገባ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ፣ ሰብስባለች። ልጆቼ ተመላሽ ኳስ የረዥም ሰው ዕድል ይመስላቸው ነበር። ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ እግሯን ወዴት እንደምታስቀድም ለማሳየት ጋሼን «እዚህ ላይ ያቁሙልኝ» አልኳቸው። አቆሙልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው ተነሥተው ሪሞቱን እጄ ላይ አስቀመጡትና ሻይ ወደ መቅዳቱ ተመለሱ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች አንድም ቃል አላጉረመረሙም፤ እንዲያውም አንዱ «ያችን ደግሞ መልሺያት» አለኝ።

ከልጆቼ አንዷ አምና ጉልበቷን ተጎድታ እስካሁን ሜዳ አልገባችም። ከአግዳሚው ጫፍ ኳሳችንን ታቅፋ ተቀምጣለች። የኮኔክቲከቷ አዚ ፈድ የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች ስታስገባ ወደ እሷ ጠጋ ብዬ፣ ይህች ልጅ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ አንድ ዓመት ያህል ከሜዳ ርቃ እንደነበር ነገርኳት። የቡድን ጓደኛዋ ፔጅ ቤከርስም በዚያው ጉዳት የ2022–23ን የውድድር ዓመት ሙሉውን አልተጫወተችም። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ኳሱን ትታ የአዚን ጉልበት ብቻ ነበር የምታየው፤ ስትዘል፣ ስትወርድ፣ ስትዞር። አዚ 24 ነጥብ አስቆጠረች፤ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብላም ተመረጠች። ልጅቷ በመጨረሻ የጠየቀችኝ ስለ ነጥቡ አልነበረም፤ «መምህርት፣ መጀመሪያ በየትኛው እግሯ ነው መዝለል የጀመረችው?» ነው ያለችኝ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መብራት ሄደ። ጋሼ ጄኔሬተሩን አስነሥተው ጨዋታውን ከተቋረጠበት ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ጀመሩልን፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቁም።

የኳሱ ነገርም እዚያው ተነሣ። ሴቶች የሚጫወቱት ዙሪያው 72 ሴንቲ ሜትር ግድም በሆነ ቁጥር 6 ኳስ ነው። የእኛዎቹ የሚለማመዱት የወንዶቹን ቁጥር 7 ይዘው ነው፤ ያለን እሱ ብቻ ነውና። ልጆቹ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳሱ በተጫዋቾቹ እጅ እንዴት እንደሚያዝ አይተው እርስ በርሳቸው መዳፋቸውን ይለካኩ ጀመር። እኔ ይህን ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች ስናገር ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩት ግን ደስታም ንዴትም ተሰማኝ።

ጉድለቱን ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፤ ከግማሽ በኋላ ወገብ ይቆርጣል። ድምፁ ለእግር ኳስ ጩኸት የተስተካከለ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ማስቀነስ ነበረብኝ። ከሁሉ የከፋው ሽንት ቤቱ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ በሩ ግን መቀርቀሪያ የለውም። ልጆቹ ሲገቡ እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ቤቱ ለወንዶች ብቻ ተብሎ መሠራቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው፤ «እውነት ነው፣ አስቤውም አላውቅ» አሉኝና አናጢ እጠራለሁ አሉ። አናጢው መጥቶ እንደሆነ ስመለስ አይቼ ይህን ጽሑፍ አስተካክላለሁ።

ሴት ልጅ፣ እህት ወይም ተማሪ ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ሰው፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ነው። የምትፈልጉትን ጨዋታ ከሁለት ቀን በፊት ንገሯቸው፤ ይቀዱላችኋል። ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ፍጻሜ በአሪዞናዋ ፊኒክስ ለመጋቢት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለሆሳዕና እሁድ፣ ተቀጥሮ ነበር። ስንወጣ ቀኑን ለጋሼ ነገርኳቸው። ጠመኔውን አንሥተው ሰሌዳውን አዞሩና ከጀርባው፣ ማንም በማያጠፋው በኩል፣ ጻፉት።